ቅጠል በከንፈር

በአንኮበር ቁልቁለት፣ ጫካውና እርሻው በሚጎራበቱበት መንደር፣ አልታየችን የማያውቅ የለም። በምትቆፍረው የመድኃኒት ሥር የሚያውቋት ብዙዎች ናቸው፤ በአፏ የሚያውቋት ግን ይበልጣሉ። ወሬ ከጀመረች የተሸከመችው ጀሪካን ጀርባዋ ላይ እንዳለ ትረሳለች። ለሰላምታ ብሎ አጠገቧ የቆመ ሰው ዞር ሲል ከብቱን የሰው ገብስ ውስጥ ያገኘዋል። “አልታየች ዝም ያለች ቀን ወይ ሥር ቆፍራ እየመጣች ነው፣ ወይ ሞታለች” ይሏታል።

“ስሞትማ ለቀባሪው የማረዳው እኔው ነኝ” ትላለች እሷም፣ ቀድማ እየሳቀች።

ሥሩን ያወረሷት አባቷ ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ናቸው። የዚያ አገር መድኃኒት ለሴት ልጅ አይነገርም ነበር። ነገር ግን ከወንዶቹ ልጆቻቸው አንደኛው ወደ አረርቲ ወርዶ እዚያው ቀረ፤ ሌላው ወታደር ሆኖ ሄዶ ደብዛው ጠፋ። ቄሱ ዓይናቸው መፍዘዝ ሲጀምር አልታየችን ጠሩና፣ “አፍሽ አይገጠምም፤ ግን ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?” ብለው እጇን ይዘው ጫካ ገቡ።

ተክሏን ሥረ ብዙ ይሏታል። ከጥድና ከኮሶ ጥላ፣ እርጥበት ከማይለየው መሬት የምትበቅል፣ ግንዷ የሰለለ፣ ቅጠሏ እንደ ድምብላል የደቀቀ ናት። ለማያውቃት ተረግጣ የምትታለፍ አረም ናት። አፈሩን ሲገልጡላት ግን ሥሯ እንደ ሹሩባ እርስ በርሱ ተጎንጉኖ ይወጣል፤ ሲሰብሩት ውስጡ እንደ እርድ ቢጫ ነው። ጣት ላይ ከያዘ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም። የወፍ በሽታ ይዞት ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው፣ ከጫጫም ከእነዋሪም ሳይቀር፣ ያቺን ሥር ፍለጋ የቄሱን ደጅ ይጠና ነበር።

ቄሱ ለልጃቸው ከሥሩ ይልቅ ሕጉን ሲነግሯት ነው የዋሉት። ሥሯ ረቡዕ ወይም ዓርብ ትቆፈራለች። ጥላሽን አታጥይባት። እናቲቱን አትንኪያት፤ ከጎኗ ያሉትን ልጆች ብቻ ወስደሽ አፈሩን መልሺላት። ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ፣ ከቤትሽ ከወጣሽ ጀምሮ ሥሩን ይዘሽ ደጃፍሽን እስክትሻገሪ ድረስ ከሰው ጋር ቃል እንዳትለዋወጪ። አንድ ቃል ከተናገርሽ ወይም አንድ ሰው ካናገረሽ፣ የያዝሽው መድኃኒት ሳይሆን እንጨት ነው።

ለዚህም ምልክት አለው። ሥር ቆፋሪ የወይራ ቅጠል በከንፈሩ ይዞ ይሄዳል። የአገሩ ሰው ያንን ቅጠል ሲያይ ሰላምታም ሳይሰጥ ከመንገድ ወጥቶ ያሳልፈዋል። አንድ ጊዜ የአልታየች የራሷ ላም ገደል ገብታ ሰው ሁሉ እያየ፣ እሷ ቅጠሏን ነክሳ በመሃላቸው ስታልፍ አንድም የነገራት አልነበረም። ቤቷ ገብታ ቅጠሉን ስትተፋ ነገሯት። ያን ቀን የለቀቀችው ስድብ እስከ ጎረቤላ ገበያ ድረስ ተወራ። ቢሆንም ስቃ ይቅር አለቻቸው፤ ሕጉን አክብረው ነዋ።

ሕጉን ከሁሉ አብልጦ የሚያከብረው ጎረቤቷ ወልደአረጋይ ነበር። ሞፈርና ቀንበር እየጠረበ የሚኖር፣ ቃሉ ቁጥብ የሆነ ሽማግሌ ነው። በልጅነቱ የወፍ በሽታ ይዞት፣ እናቱ ከፈኑን አዘጋጅታ ሳለ፣ ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ በዚያች ሥር አስነሱት። እሱና አልታየች አብረው ያደጉ ናቸው። እሷ የሁለቱን ታወራለች፤ እሱ የሁለቱን ዝም ይላል። እንዲህ ሆነው አረጁ።

አልታየች ከወለደቻቸው የተረፈችላት አንዲት ማርያማዊት ብቻ ናት። ማርያማዊት ደብረ ብርሃን ግንበኛ አግብታ ትኖር ነበር፤ ባሏ ታመነ ይባላል፣ ጨዋ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና፣ ወሯ ሲገባ ታመነ ይዟት መጣ። እናትየው ገንፎውን፣ ቅቤውን፣ ማቀፊያውን ሁሉ አሰናድታ ስትጠብቅ፣ ልጅቱ በመጣች በሳምንቷ ምግብ አልረጋላት አለ። ፊቷ ገረጣ። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አልታየች ልጇን ደጅ አውጥታ፣ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየች። ነጩ እንደ ሥሩ ውስጥ ቢጫ ሆኗል።

የጤና ኬላዋ ባለሙያ ሔራን ተጠርታ መጣች። እዚያው መንደር ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት።

“እማማ አልታየች፣ ይሄ እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም” አለች። “እርጉዝ ሴት ዓይኗ እንዲህ ከሆነ እዚህ ማሳደር አይገባም። አሁኑኑ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መግባት አለባት።”

“እኔስ መቼ አትሂድ አልኩ? ትሂድ እንጂ። ግን ያቺን ሥር ሳትቀምስ አትሄድም።”

“ሥሩ ለእርጉዝ ደግ ይሁን ክፉ ማን ያውቃል?”

“አንቺን የወፍ በሽታ ይዞሽ፣ እናትሽ አዝላሽ የመጣችው ማን ደጅ ነበር?”

“ያኔ እርጉዝ አልነበርኩማ” አለች ሔራን።

ቀኑ ሌላ ቢሆን ኖሮ ይሄ ያስቃቸው ነበር።

ታመነ ኔትወርክ የሚገኝበት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ስልክ ሲደውል ቆየ። ሰሞኑን የደብረ ብርሃን መንገድ አንዱን ቀን ይከፈታል፣ ሌላውን ቀን ይዘጋል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ እንኳ ቀርቷል። በመጨረሻ ቃለ አብ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር አገኘ። ዛሬ የሚወጣ መኪና የለም፤ ነገ ረፋዱ ላይ ግን ከመንደሩ በላይ ካለው መንገድ ድረስ መጥቶ ይወስዳታል።

“ረፋድ?” አለች አልታየች። “ነገ ረቡዕ ነው። ጎህ ሲቀድ ወጥቼ ጤዛው ሳይረግፍ እመለሳለሁ። ትጠጣና ትሄዳለች። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።”

ክፋት አልነበረበትም ሐሳቡ። ሔራን እንኳ አንገቷን ነቀነቀች እንጂ አልከለከለቻትም።

ማርያማዊት ከተኛችበት የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ያዘች። “እማዬ፣ አንቺ ሳትመጪ እኔ የትም አልሄድም።”

“እኔ ሳልመጣስ ማን ያስኬድሻል!”

“ዝም ማለቱ ይገድልሻል እኮ፣ እስክትመለሺ።”

“ስመለስ እክሰዋለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ደብረ ብርሃን ስለፈልፍ ትሰሚያለሽ፤ ሹፌሩ አውርዱልኝ ይላል።”

ልጅቱ ፈገግ አለች። ጥርሷ ነጭ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ያ ፈገግታ ለእናትየው እንዳይረሳ ሆኖ ተቀመጠ።

በማግስቱ አልታየች ከደጇ ወይራ ቅጠል ቀነጠሰች፣ በከንፈሯ ያዘች፣ ትንሿን ዶማ በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። መንገድ ላይ ያገኘቻቸው ገበያተኞች ቅጠሉን አይተው ወደ ዳር አሉላት። ወደ ኮሶው ዛፍ ነው የሄደችው። እዚያ አባቷ ያሳዩዋት፣ ስንት ዘመን ልጅ ልጁን እየወሰደች እናቲቱን ያቆየችበት ቦታ አለ።

ስትደርስ መሬቱ ተቆፋፍሯል። አንድም አልቀረም። በየጉድጓዱ ዳር ቅጠሉ ደርቆ ተጥሏል። ባለፈው ሰሞን ሥር በጆንያ የሚገዙ ነጋዴዎች በፒካፕ መጥተው ነበር ሲባል ሰምታ፣ ሌላ ሥር መስሏት ነበር። እናቲቱን ከነልጆቿ፣ አፈሩን እንኳ ሳይመልሱ፣ ገልብጠዋት ሄደዋል። አልታየች ልትረግም ስትል ቅጠሉን ነክሳ እርግማኑን ዋጠችው።

መመለስ ነበረባት። ነገር ግን ባዶ እጅ ተመልሶ ያንን ቢጫ ዓይን ማየት እንዴት ይቻላል? ከገደሉ በታች፣ ጅረቱ ዳር፣ ከአባቷ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ የወረደችበት ቦታ ትዝ አላት። ቁልቁለቱ ጉልበት ይሰብራል። ‘ሚኒባሱ ረፋድ ነው’ አለች በልቧ፤ ወረደች።

ጅረቱ ጋ ልትደርስ ስትል ከኋላዋ ድንጋይ ተንከባሎ መጣ። ዞር ብትል ወልደአረጋይ ነው። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ ጋቢው በአንድ ትከሻው ተንጠልጥሏል። እንዲያ ሲሮጥ ከጎልማሳነቱ ወዲህ አይታው አታውቅም። አፉን ከፈተ።

ቅጠሉን አየ። አፉን ገጠመ።

ሁለቱ ቆመው ተያዩ። ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ ከፊቷ ሸሽቶ ወደ ጅረቱ፣ ከጅረቱ ወደ እጇ ይሄዳል። ‘ተልኮ ነው የመጣው’ አለች በልቧ። ‘ብሷት ይሆን? ብሷት ከሆነ ሥሩ አሁን ነው የሚያስፈልጋት። ምነው ብዬ ብጠይቀው ሥሩ እንጨት ይሆናል። ያኔ በምን ልድረስላት?’ ቅጠሉን በጣቷ ነካችው፤ ልታወጣው ይሁን ልታጠብቀው እሷም አላወቀችም። በመጨረሻ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው። ወልደአረጋይ ያንን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀና ከመንገዱ ወጥቶ ቆመ፤ ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ያለፉ ይመስል።

ሥሩን ከጅረቱ ማዶ፣ ከድንጋይ ሥር አገኘችው። አንዲት ብቻ ናት፤ ልጆቿም ጭራሮ ያክላሉ። አልታየች ተንበረከከች። ልጆቹ ለአንድ መጠጫ እንኳ አይበቁም። እጇ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ዶማዋን ከእናቲቱ በታች አስገብታ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከነሙሉ አፈሯ ነቀለቻት። ሊጠበቅ የሚገባውን ሕግ አፈረሰች፤ ሊፈርስ የሚገባውን ጠበቀች። ይሄን ግን ያኔ ማን ሊነግራት?

ዳገቱን ሲወጡ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ነበሩ። ትንፋሹን ትሰማለች። ፀሐይ ጀርባዋን ማቃጠል ጀምራለች። አንዴ እግሯ ከድቷት ስትወድቅ ደርሶ ክንዷን ይዞ አነሳት፤ ያኔም ቃል አላወጣም። ትልቅ ሰዎች ናቸው ሁለቱም፤ እንደ ዲዳ ሆነው ዳገቱን ጨረሱት።

ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቧል። አልታየች ደጃፉን ተሻግራ ቅጠሉን ተፋች። “ምንድን ነው?” አለች። የዚያ ቀን የመጀመሪያ ቃሏ ይሄ ነበር።

ሔራን ነገረቻት። ቃለ አብ መንገዱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሰምቶ፣ ገና ፀሐይ ስትወጣ መጣ። ታመነና ሌሎች ወንዶች ማርያማዊትን ሊያነሷት ሲሉ የበሩን ምሰሶ በሁለት እጇ ያዘች። እማዬ ሳትመጣ አለች። ወልደአረጋይን ሲያሯሩጡት ሹፌሩም ጠበቀ፤ ከዚያም ጠበቀ። ተሳፋሪው “እኛም በሽተኛ አለን፣ ልታስቀሩን ነው ወይ?” እያለ ጮኸ። በመጨረሻ ሄደ። ማርያማዊት መኪናው ከሄደ በኋላ ምሰሶውን ለቀቀች፤ ከዚያ ወዲህ ሰው አትለይም።

አልታየች ከሥሩ ጎን ቆርጣ ወቀጠች፣ በውሃ በጠበጠች፣ የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ልታጠጣት ሞከረች። ጥርሷ ተገጥሟል። ቢጫው ውሃ በአገጯ ላይ ፈሰሰና አንገቷ ሥር ገባ። “ዋጪ፣ የኔ እናት፣ አንዴ ብቻ ዋጪ” ትላለች። ሔራን እጇን ይዛ ጣሳውን ቀስ አድርጋ ወሰደችባት።

ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ጎረቤላ ወጡ፤ ሌላ መኪና ይገኝ ይሆናል በሚል። አልታየች ከቃሬዛው ጎን እየሮጠች ስታወራላት ነበር፤ በሚኒባሱ ውስጥ አወራልሻለሁ ያለቻትን ሁሉ። ስለ ልጁ ስም፣ ስለ ክርስትናው፣ ስለምትዋጋዋ በጋቸው። የኮረብታው አናት ላይ ሲደርሱ ሔራን ሸካሚዎቹን አስቆመቻቸው። በማርያማዊት ደረት ላይ ጆሮዋን አደረገች፤ ከዚያ በሆዷ ላይ። ቀና ስትል ማንንም አላየችም፤ መሬቱን ነው ያየችው።

ሚኒባሱ በሰላም ደብረ ብርሃን ገባ። መንገዱም ያን ቀን ሳይዘጋ ዋለ።

እናትና ልጅን በአንድ ጉድጓድ ቀበሯቸው። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ “ቀኗ ነው፣ አምላክ የጻፈው ነው” ሲሉ ታመነ እስከ ሣልስቱ ታገሠ። በሣልስቱ ግን ተነስቶ ከአማቱ ፊት ቆመ።

“እማማ፣ አንድ ቃል እኮ ነው። ‘ምነው’ ቢሉት ምን ነበረበት?”

“ተው አንተ ልጅ! ኀዘን ላይ ያለች እናት ናት” ብለው ጎትተው አስቀመጡት።

“ተዉት” አለች አልታየች። “ደግ አለ።”

ከዚያ በኋላ መንደሩ የአልታየችን ድምፅ አጣ። ልቅሶ የሚደርሱት ሰዎች፣ ያቺን ወሬኛ ያገኙ መስሏቸው ይገቡና፣ ድንጋይ አጠገብ እንደተቀመጠ ሰው ሆነው ይወጣሉ። ከጎረቤት መንደር አንዲት ሴት ዓይኑ የተለወጠ ልጇን አዝላ መጥታ ደጇ ላይ ቆመች። አልታየች አልተነሳችም። “ወደ ሔራን ውሰጂው። ከእኔ ቤት መድኃኒት የለም” አለቻት። ሴትየዋ ልትለምናት ስትል፣ “ሂጂ አልኩሽ፣ አሁን ሂጂ፣ አትቁሚ!” ብላ ጮኸችባት። ወልደአረጋይም እግሩን አጠፋ። በቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሞ ታይቷል፤ ለቅሶ ቤት ግን አልገባም።

ያቺ የነቀለቻት እናቲቱ፣ ጎኗ ተቆርጦ፣ ከነአፈሯ በሰባራ ገንቦ ውስጥ ቤት ጥግ ተቀምጣለች። አልታየች ውሃ ጠብ ታደርግላታለች። እየዋለ እያደረ ከተቆረጠው አጠገብ አንዲት ለጋ ቅጠል ብቅ አለች።

ረቡዕ ጠዋት አልታየች ገንቦውን ታቅፋ ከቤቷ ወጣች። በወይራው አጠገብ አለፈች፤ ቅጠል አልቀነጠሰችም። “እንዴት አደርሽ!” አለች ውሃ የምትቀዳዋን ሴት፤ ሴትየዋ ደንግጣ ገንቦውንና አፏን ተራ በተራ አየች። “ከብቶችህ ወደ ገብሱ እየገቡ ነው!” አለች ማዶ ያለውን ገበሬ። ለሁሉም አንድ አንድ ቃል እየሰጠች ወረደች። ሰዎቹ ግን ከልማድ የተነሳ ከመንገድ እየወጡ ዝም ብለው ያሳልፏታል።

ጅረቱ ጋ ወልደአረጋይ ለቀንበር የሚሆን እንጨት እየቆረጠ አገኘችው። መጥረቢያውን አስቀመጠና ባርኔጣውን አወለቀ። እንደዚያ ቀኑ ከመንገድ ሊወጣ ሲል፣

“ቁም ወልዴ” አለችው። “ዛሬ ቅጠል የለኝም። እየው ከንፈሬን።”

ቆመ።

“ያን ዕለት ምን ልትነግረኝ ነበር የመጣኸው?”

“ሰምተሽው የለም? መኪናው መጥቶ ነበር።”

“እሱን ሔራን ነግራኛለች። እኔ የምጠይቅህ አንተን ስትልክህ ያለችህን ነው። ልጄ ያለችውን።”

ሽማግሌው ቁጢጥ አለ። ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆየ። “እታለም፣ እኔን ያዳነኝ ሥሩ ነው። ተናግሬ ቢረክስና በእኔ አፍ ምክንያት ብትሞትስ ብዬ...”

“አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ያለችውን ንገረኝ።”

“‘እማዬን ጥራልኝ’ አለችኝ። ‘ሥሩን ተዪውና ነይ ብላሻለች በላት’ አለችኝ።”

ጅረቱ ይፈስሳል። አልታየች ገንቦውን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም።”

“በቃ፣ እንግዲህ መልእክቷን አደረስክ” አለች።

ማዶ ተሻገረች። ድንጋዩ ሥር የቆፈረችው ጉድጓድ እንዳለ ነው። ወልደአረጋይ ሳይጠራ መጥቶ በመጥረቢያው ጀርባ አፈሩን አለሰለሰላት። እናቲቱን ከነለጋ ቅጠሏ አስገባቻት፤ አፈሩን በመዳፏ መለሰችባት፤ ከጅረቱ በእፍኟ ውሃ እየቀዳች አጠጣቻት። ጣቶቿ እንደገና ቢጫ ሆኑ።

ከላይ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ የማታውቃቸው መንገደኞች አይተዋቸው ኖሮ፣ “እንዴት አደራችሁ!” ብለው ተጣሩ።

አልታየች እጇ ገና አፈር ውስጥ ነበር። ቀና አለችና፣ “እግዚአብሔር ይመስገን!” ብላ፣ ገደሉ እስኪያስተጋባ፣ መለሰችላቸው።